ከፒሎስ ቃጠሎ በኋላ፦ የግሪክ ተረት እንዴት ተነበበ

በ1180 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) ገደማ፣ በደቡብ ምዕራብ ግሪክ ፒሎስ በሚባል ስፍራ አንድ ቤተ መንግሥት ነደደ። ጎተራው የወይራ ዘይት የሞላበት ስለነበር እሳቱ በቀላሉ የሚበርድ አልነበረም። ከመግቢያው አጠገብ ባሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ውስጥ የግቢው ጸሐፊዎች መዝገባቸውን ያስቀምጡ ነበር። መዝገቡ ጭቃ ነው። በመዳፍ ጠፍጥፈው፣ እርጥብ ሳለ በሹል ነገር ጭረው ይጽፉበትና እንዲሁ ያደርቁታል፤ ሒሳቡ ሲዘጋ ጭቃው ተመልሶ ይቦካል። የዚያ ቀን እሳት ግን እንደ ሸክላ ተኮሰው። ያልተዘጋ የአንድ ዓመት ሒሳብ ከፍርስራሽ ሥር ተቀብሮ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ቆየ።

የግሪክን አፈ ታሪክ የሚያጠና ሰው ከዜውስ የዘር ሐረግ ቢጀምር አይፈረድበትም፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም የሚጀምሩት ከዚያ ነው። እኔ ከዚህ ቃጠሎ መነሣትን እመርጣለሁ። ተረቶቹ የሚያወሩት ስለዚያ ዘመን ነገሥታት ነውና፦ ስለ ሚኬኔው አጋሜምኖን፣ ስለ ፒሎሱ ሽማግሌ ኔስቶር፣ ስለ ቀርጤሱ ሚኖስ። የነገሩን ሰዎች ግን ያን ዘመን በዓይናቸው አላዩም። ተነጋሪውና ነጋሪው ምን ያህል እንደሚራራቁ ሊታወቅ የቻለው ያ የተተኮሰ ጭቃ ተቆፍሮ ከተነበበ በኋላ ነው።

ፒሎስ ብቻዋን አልወደቀችም። ሚኬኔም፣ ቲሪንስም፣ ቴብስም በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ግቢያቸው ፈረሰ። ጽሕፈትም አብሮ ጠፋ። ይጽፉ የነበሩት የግቢ ሒሳብ ያዦች ብቻ ስለነበሩ፣ የሚመዘገብ ግብር ሲቀር መዝጋቢውም ቀረ። ከዚያ ወዲያ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ግሪኮች ፊደል አልነበራቸውም። የጀግኖቹን ወሬ ያሻገረው የዘፋኞች አፍ ነው። እያንዳንዱ ዘፋኝም ከአባቶቹ በሰማው ላይ የራሱን ዘመን እየቀላቀለ አሳለፈው።

በስምንተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ግሪኮች ከፊንቄያውያን ነጋዴዎች ፊደል ወሰዱ፤ አናባቢም ጨመሩበት። ይህ ሁለተኛው የጽሕፈት ዘመን ሲከፈት ከቀደሙት ጽሑፎች አንዱ ቀልድ መሆኑ ደስ ይላል። ኢስኪያ በምትባል የኢጣሊያ ደሴት፣ ከአንድ መቃብር ውስጥ፣ ሦስት መስመር ግጥም የተጫረበት ተራ የሸክላ ዋንጫ ተገኝቷል። ግጥሙ የኔስቶርን ታላቅ ዋንጫ ያነሣና ከዚችኛዋ የጠጣ ግን ወዲያው በፍቅር እንደሚያዝ ይናገራል። የፒሎሱ ንጉሥ፣ ግቢው ከተቃጠለ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከባሕር ማዶ በመጠጥ ግብዣ ላይ መሳቂያ ሆኗል ማለት ነው። ቀልዱ የሚያስቀው ደግሞ ተጋባዦቹ ወሬውን አስቀድመው ካወቁት ነው።

የሆሜር ናቸው የሚባሉት ሁለቱ ግጥሞች፣ ኢሊያድና ኦዲሲ፣ በጽሑፍ መልክ መያዝ የጀመሩት በዚያው ግድም ነው። ኢሊያድ ስለ ትሮይ ጦርነት ነው ይባላል እንጂ የሚከፈተው በምርኮ ክፍፍል ጠብ ነው። አጋሜምኖን በድርሻው ያገኛትን የካህን ልጅ ለአባቷ ለመመለስ ይገደዳል፤ ንዴቱን ለመወጣት የአኪሌስን ምርኮኛ ይቀማል። ሁለቱ ሴቶች ምን እንዳሰቡ የጠየቀ የለም፤ የተቆጠሩት እንደ ዋንጫና እንደ በሬ ነው። ቴርሲቴስ የሚባል ተራ ወታደር በሸንጎ ተነሥቶ በአጋሜምኖን ስግብግብነት ላይ ሲናገር ኦዲሴዎስ በበትር ጀርባውን ይለዋል፤ ጉባኤውም ይስቃል። የከበርቴውን ሳቅ የምንሰማው በግጥሙ ነው። የገበሬውን ምሬት ለመስማት ወደ ሄሲዮድ መሄድ ያስፈልጋል። እርሱ የቦዮቲያ ገበሬ ሲሆን ከወንድሙ ከፔርሴስ ጋር በውርስ መሬት ተካሶ መማለጃ በሚበሉ ዳኞች ያዘነ ሰው ነው። በዜውስ ፍርድ ላይ እንዲያ አጥብቆ የተማጸነው በምድር ዳኛ ስላጣ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያውያንም ወደ ግሪክ ተረት የገቡት ከእነዚህ ግጥሞች ጀምሮ ነው። አማልክቱ ግብዣ ሲያምራቸው ወደ እነርሱ ይሄዳሉ፤ ኦዲሲ ሲጀምር የባሕር አምላክ ፖሲዶን በመካከላቸው ያልነበረው መሥዋዕት ሊቀበል ወደ ኢትዮጵያውያን ወርዶ ነው። ከሆሜር ቀጥለው የመጡ ባለቅኔዎች ደግሞ የኢትዮጵያውያኑ ንጉሥ ሜምኖን ትሮይን ሊረዳ ዘምቶ በአኪሌስ እጅ እንደ ሞተ ዘመሩ። ይህን አንብበን ደረታችንን ለመንፋት እንቸኩላለን። ሆኖም በኦዲሲ ኢትዮጵያውያን ለሁለት የተከፈሉ ናቸው፦ ግማሹ ፀሐይ በምትወጣበት፣ ግማሹ በምትጠልቅበት። ግሪኮች ካርታቸው ያለቀባቸው ቦታ ላይ ነውር የሌለበትን ሕዝብ ያሰፍሩ ነበር። ከእኛ አገር ይልቅ የራሳቸውን ምኞት ነው የሚነግሩን።

ይህን ዘዴ ከግሪኮች መካከል አስቀድሞ የነቃበት ዜኖፋኔስ የተባለ የኮሎፎን ሰው ነበር፤ ዘመኑ ስድስተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ነው። ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻቸውን ጥቁርና አፍንጫ ደፍጣጣ፣ የትራቄ ሰዎች ደግሞ ሰማያዊ ዓይንና ቀይ ጠጉር ያላቸው አድርገው እንደሚያስቡ ጻፈ፤ ከብትና ፈረስ መሳል ቢችሉ ኖሮም አምላካቸውን በራሳቸው መልክ ይስሉ እንደነበር ጨመረበት። ሆሜርንና ሄሲዮድንም ሌብነትን፣ ምንዝርናንና ማታለልን በአማልክት ላይ ለጥፈዋል ብሎ ወቀሳቸው። ተረቱ የተናጋሪው መልክ ነው የሚለው ሐሳብ፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ የቆመበት፣ ያኔ በአንድ ተንከራታች ባለቅኔ አፍ ተነግሮ አልቋል።

አቴናውያን ተረቱን ወደ ቴአትር ሲያወጡት ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ458 ቅ.ል.ክ. ኤስኪሎስ የአጋሜምኖንን ቤት ደም በሦስት ተከታታይ ድራማ አቀረበ። ሚስቱ ባሏን ገደለች፤ ልጇ ኦሬስቴስ እርሷን ገደለ፤ የበቀል አማልክት ልጁን አሳደዱት። የመጨረሻው ድራማ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ያመጣዋል፤ ችሎቱ ግን የአማልክት መኖሪያ በሆነው በኦሊምፖስ አልተሰየመም። ተመልካቹ ከተቀመጠበት ብዙም በማይርቀው አርዮስፋጎስ ኮረብታ፣ በአቴንስ ዜጎች ፊት ነው የተሰየመው። ያ ሸንጎ ደግሞ የሰሞኑ አጀንዳ ነበር። ከአራት ዓመት ገደማ በፊት ኤፊያልቴስ የሚባል የሕዝብ ወገን የሸንጎውን ሥልጣን ገፎ የነፍስ ግድያ ዳኝነቱን በዋናነት ተወለት፤ ብዙም ሳይቆይ እርሱ ራሱ ተገደለ። ኤስኪሎስ የአጋሜምኖንን ከተማም ቀይሯል። በሆሜር ሚኬኔ የነበረው በዚህ ድራማ አርጎስ ሆኗል፤ ምክንያቱንም ለመገመት አያስቸግርም። አርጎስ ሚኬኔን ካፈረሰች አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ አቴንስም ከአርጎስ ጋር ቃል ኪዳን የገባችው በቅርቡ ነበር። የዲፕሎማሲ ጉዳይ የጀግናውን አድራሻ ለወጠው።

በዚያ ችሎት የቀረበው ክርክር ለዛሬ አንባቢ የሚዋጥ አይደለም። አምላኩ አፖሎ ጠበቃ ሆኖ እናት የልጇ ወላጅ አይደለችም፣ የአባትን ዘር ተቀብላ የምታሳድግ እንግዳ ተቀባይ ናት ይላል። ማስረጃው አቴና ናት፤ ያለ እናት ከዜውስ ራስ የወጣች። የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ይሆናል፣ አቴናም ለልጁ ታደላለች። የአቴንስ ሴት በሸንጎ ድምፅ አልነበራትም፣ ንብረቷንም የምታስተዳድረው በወንድ ሞግዚትነት ነበር። ሕጉ ይህን በደረቁ ይነግረናል፤ ድራማው ደግሞ አምላክ ሳይቀር እንዴት ለምስክርነት እንደተጠራለት ያሳያል።

ፕላቶን ለሚያልማት ከተማ ባለቅኔዎቹን አልወደደላትም፤ ዜውስ አባቱን አሰረ የሚለውን የሰማ ወጣት አባቱን ቢመታ ምን ይደንቃል አለ። በ300 ቅ.ል.ክ. ገደማ በመቄዶንያው ንጉሥ በካሳንደር ዘንድ የነበረው ኤውሄሜሮስ ደግሞ አማልክቱ ጥንት የሞቱ ነገሥታት ናቸው የሚል ልብ ወለድ ጻፈ። የእስክንድር ወራሾች በሕይወት ሳሉ እንደ አምላክ መመለክ በጀመሩበት ዘመን ይህ ተራ የፍልስፍና ጨዋታ አልነበረም። ኋላ የክርስትና ጸሐፊዎች፣ ለምሳሌ ላክታንቲዮስ፣ አማልክቱ ሰዎች ብቻ ነበሩ ብለው ለመከራከር ይህንኑ መጽሐፍ ተጠቀሙበት።

በሁለተኛው መቶ ዓመት ድኅረ ልደት፣ ግሪክ በሮም እጅ ሳለች፣ ጳውሳኒያስ የሚባል መንገደኛ እየዞረ የየአካባቢውን መቅደስና ወሬ መዘገበ። ሚኬኔ ደርሶ የአንበሶቹን በር አየ፤ የአጋሜምኖንና የተገደሉት ጓደኞቹ መቃብር ከቅጥሩ ውስጥ እንደሚገኝም ጻፈ። ይህች አረፍተ ነገር 1,700 ዓመት ቆይታ አንድ ነጋዴ አካፋ ታስነሣለች።

ከዚያ በፊት ግን ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ብቅ ማለት ተገቢ ነው። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በስድስተኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ላይ ከቆመ የእምነበረድ ዙፋን የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ስሙ ያልተረፈ የአክሱም ንጉሥ ድሎቹን ይዘረዝርና ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን ይናገራል። በአራተኛው መቶ ዓመት ኢዛና ከክርስትናው በፊት ያስቀረጸው፣ አክሱም ዛሬም የቆመው ድንጋይ ምሥጢሩን ይፈታዋል። ግሪክኛው ንጉሡን የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ሲለው፣ ግዕዙ በዚያው ቦታ የመሕረም ልጅ ይለዋል። አክሱማውያን የኦሊምፖስን አማልክት አላመለኩም፤ የራሳቸውን የጦር አምላክ ወደቡ ላይ ለሚወርደው ነጋዴ በሚያውቀው ስም አስተዋወቁት። ግሪኮቹም ግብፅ ሲሄዱ አሞንን ዜውስ ብለዋል። በዚያ ዘመን የግሪክ አፈ ታሪክ ከሃይማኖትነት ይልቅ የዓለም አቀፍ ንግድ ቋንቋ ወደ መሆን ደርሶ ነበር።

ክርስትና ሲሰፋ መቅደሶቹ ተዘጉ፤ መጻሕፍቱ ግን አልተቃጠሉም። በቁስጥንጥንያ ልጆች ግሪክኛ ጽሕፈት የሚማሩት በሆሜር ስለነበር ሲገለበጥ ኖረ። ዛሬ ቬኒስ ያለው ታላቁ የኢሊያድ ብራና በአሥረኛው መቶ ዓመት የተጻፈው በክርስቲያኖች እጅ ነው።

በ1846 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) እንግሊዛዊው ጆርጅ ግሮት ታላቁን የግሪክ ታሪኩን ማሳተም ሲጀምር መስመር አሰመረ፦ ታሪክ ከመጀመሪያው ኦሊምፒያድ፣ ከ776 ቅ.ል.ክ. ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ያለው ተረት ነው፣ ከተረት ውስጥ እውነት የሚነቀስበት መሣሪያም የለንም። ጥንቁቅ ሰው ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላ ጥንቃቄ የማያውቅ ሰው መጣበት።

ሃይንሪሽ ሽሊማን በሩሲያ ንግድ የከበረ ጀርመናዊ ነው። በዛሬዪቱ ቱርክ ያለችው የሂሳርሊክ ኮረብታ ትሮይ መሆኗን ያሳየው፣ ከኮረብታው ከፊሉ የእርሱ የሆነ፣ ፍራንክ ካልቨርት የሚባል የአካባቢው ነዋሪ ነበር፤ ዝናው ግን ለሽሊማን ሆነ። ሽሊማን የሆሜርን ከተማ ከሥር ፈልጎ በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛ አሰማርቶ ኮረብታውን በትልቅ ቦይ ሰነጠቀው። በ1873 ወርቅ አግኝቶ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያም ሀብት ነው አለ። ሚስቱ ሶፊያ በሻሿ ደብቃ አወጣችልኝ ብሎም ጻፈ፤ በዚያን ጊዜ እርሷ አቴንስ ነበረች። ወርቁ ደግሞ የትሮይ ጦርነት ሆነ ከሚባልበት ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ይቀድማል። ፕሪያም ኖሮ ከሆነ የኖረበት ሊሆን የሚችለው ንብርብር በብዛት የተዛቀው በእርሱ አካፋ ነው። በ1876 የጳውሳኒያስን አረፍተ ነገር ይዞ ሚኬኔ ገባና ከቅጥሩ ውስጥ ቆፈረ፤ ፊታቸው በወርቅ ጭንብል የተሸፈነ ሙታን ወጡ። እነርሱም አጋሜምኖን ኖረ ከሚባልበት ሦስት መቶ ዓመት ያህል የቀደሙ ናቸው። ሽሊማንን ከነጉድለቱ የሚያደንቁ መጻሕፍት ዛሬም ይታተማሉ፤ ለእኔ ግን የሠራው ጥፋት ካገኘው ወርቅ አያንስም። ያም ሆኖ የግሮትን መስመር ሰብሮታል። ከ776 ቅ.ል.ክ. በፊት ታላቅ ሥልጣኔ እንደነበር ከእርሱ በኋላ የካደ የለም።

በ1900 አርተር ኢቫንስ ቀርጤስ ላይ ክኖሶስን መቆፈር ሲጀምር ጽሑፍ ያለባቸው የሸክላ ሰሌዳዎች አገኘ። ሥልጣኔውን በንጉሥ ሚኖስ ስም ሰየመው፤ ቋንቋው ግን ግሪክኛ ሊሆን አይችልም ብሎ ቆረጠ። ካገኛቸው ሰሌዳዎች ጥቂቱን ብቻ አሳትሞ በ1941 ሞተ። በ1906 በአናቶሊያ የኬጢያውያን ዋና ከተማ ሐቱሳ ተከፍቶ መዛግብቱ በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት ሲነበቡ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ፦ አንዱ አምላክ የሰማይን አምላክ ሰልቦ ዙፋኑን የሚነጥቅበት ትረካ፣ ሄሲዮድ ስለ ዜውስ አባት ስለ ክሮኖስ ከተናገረው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ። የግሪኮች ጥንተ ነገር ጥሩ ድርሻው ከምሥራቅ የመጣ ነበር።

አሜሪካዊው ሚልማን ፓሪ በበኩሉ የሞተ ግጥም በሕያው ዘፋኝ ሊመረምር በ1933 ዩጎዝላቪያ ሄደ። የዚያ አገር አዝማሪዎች ጉስሌ የሚባል ባለ አንድ አውታር መሣሪያ ይዘው፣ እንደኛው ባለማሲንቆ እዚያው እየፈጠሩ ይዘፍናሉ። አቭዶ ሜጄዶቪች የሚባል ማንበብና መጻፍ የማይችል ገበሬ ከ12,000 መስመር በላይ የሆነ ትረካ አስቀዳለት። ፓሪ በ1935 መጨረሻ በ33 ዓመቱ በጥይት አደጋ ሞተ፤ ሥራውን ደቀ መዝሙሩ አልበርት ሎርድ አደረሰው። በቃል ደጋግሞ የማይሸመደድ፣ በየመድረኩ እንደ አዲስ የሚገጠም ዘፈን ከነጋሪው ዘመን ሊለይ እንደማይችል የታወቀው በዚህ ነው።

በ1939 ካርል ብሌገን ፒሎስን ሲቆፍር የመጀመሪያው ቦይ ቀጥ ብሎ በመዝገብ ክፍሉ ላይ አረፈ፤ የዚያኑ የክኖሶስ ጽሕፈት የያዙ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች ወጡ። ጦርነት መጣ፣ ሰሌዳዎቹ አቴንስ በባንክ ካዝና ተቆለፈባቸው። ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ የምታስተምር አሊስ ኮበር የምትባል ምሁር በወረቀት እጥረት ዘመን ያገኘችውን ቁራጭ ሁሉ እየቆረጠች ምልክቶቹን መዘገበች፤ ካርዶቹን የምታስቀምጠው በባዶ የሲጋራ ካርቶን ነበር። ቃላቱ መጨረሻቸው እንደ ሰዋስው እንደሚለዋወጥ አረጋገጠች። በ1950 በ43 ዓመቷ ሞተች፤ በሩን የከፈተው ማይክል ቬንትሪስ ነው። ሙያው አርክቴክት ነበር፤ በ14 ዓመቱ ለንደን ላይ ሽማግሌውን ኢቫንስን ባየበት ቀን የተለከፈበት ነገር አልለቀቀውም። ሐምሌ 1 ቀን 1952 በቢቢሲ ሬዲዮ ቋንቋው ግሪክኛ መሆኑን አስታወቀ። በተከታዩ ዓመት ብሌገን አዲስ ካወጣቸው ሰሌዳዎች አንዱን በቬንትሪስ ቁልፍ ሲያነበው፣ ሦስት እግር ያለው ማሰሮ ከተሳለበት ጎን «ሦስት እግር» ተጽፏል፤ አራት እጀታ ያለው ከተሳለበት «አራት እጀታ»፣ እጀታ የሌለው ከተሳለበት «እጀታ የለሽ»። ክርክሩ በአብዛኛው እዚያ ላይ አበቃ። ቬንትሪስ በ1956 በመኪና አደጋ ሲሞት 34 ዓመቱ ነበር።

ከሰሌዳዎቹ የአኪሌስን ጀግንነት የጠበቀ ሰው አዘነ። ያለው ቆጠራ ነው፦ የክኖሶስ መቶ ሺህ ገደማ በጎች፣ የሽቶ ዘይት፣ የነሐስ ክፍፍል፣ የተሰበረ መንኮራኩር፣ የበሬዎች ስም ሳይቀር። ሆሜር ስለዚህ ጽሕፈት ቤት አንዳች አያውቅም፤ በእርሱ ዓለም ንጉሥ ሀብቱን በዓይኑ ነው የሚቆጥረው። ሠረገላ እንደነበራቸው ሰምቷል፣ አጠቃቀሙ ግን ጠፍቶበት ጀግኖቹን እስከ ጦር ሜዳው ያደርስባቸውና በእግር ያዋጋቸዋል። በሌላ በኩል ኦዲሴዎስን በከርከሮ ጥርስ የተሠራ ራስ ቁር ያስደፋዋል። ያ ቁር ከሆሜር ብዙ መቶ ዓመት በፊት ከጥቅም የወጣ ሲሆን፣ ከሚኬኔ መቃብሮች ልክ እርሱ እንዳለው ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆም የፒሎስ የሴቶች መዝገብ ነው። ከ700 የሚበልጡ ሴቶች ከነልጆቻቸው በየሥራቸው ተቆጥረዋል፦ እህል ፈጪ፣ ፈታይ፣ ሸማኔ፣ የመታጠቢያ አገልጋይ። በየወሩ የሚሰፈርላቸው እህልና በለስ ተጽፏል። አንዳንዶቹ በአገራቸው ይጠራሉ፦ የሚሌጦስ፣ የክኒዶስ፣ የሌምኖስ ሴቶች፤ ሁሉም ከኤጂያን ባሕር ምሥራቅ ናቸው። ጥቂቶቹ በግልጽ ምርኮኛ ተብለዋል። አሁን ወደ ኢሊያድ እንመለስ። አጋሜምኖን ለካህኑ ልጅህ ከአገሯ ርቃ፣ እኔ ቤት ሸማ ስትሠራ ታረጃለች ይለዋል። የትሮዩ ጀግና ሄክቶርም ሚስቱን ሲሰናበት የሚያስጨንቀው ነገር ነገ በሌላ ሰው ቤት መሸመኗና ውሃ መቅዳቷ ነው። ዘፋኞቹ መዝገቡን፣ ግብሩን፣ ጸሐፊዎቹን ሁሉ ረስተዋል፤ ይህን አልረሱም። ለምን? በእነርሱም ዘመን ወንዱ ይገደላል፣ ሴቷ ትነዳ ነበርና።

በ1954 ሞዝስ ፊንሊ ኦዲሴዎስ የኖረበትን ዓለም በሚመለከት በጻፈው መጽሐፉ፣ የሆሜር ማኅበረሰብ የሚኬኔ ሳይሆን ከቃጠሎው ብዙ ዘግይቶ የመጣ መሆኑን ተከራከረ። ዘመኑን በትክክል በማስቀመጥ ላይ ምሁራን ዛሬም አይስማሙም፤ ወደ ግቢዎቹ ዘመን የሚመልሰው ግን እምብዛም ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ትምህርት የሰጠኝ የዲዮኒሶስ ነገር ነው። በ405 ቅ.ል.ክ. በቀረበው የኤውሪጲዴስ ድራማ የወይን አምላክ ከእስያ መጥቶ ቴብስ ይገባል፣ ንጉሡ መጤ ነው ብሎ ያስረዋል፣ ሴቶቹ ተከትለውት ተራራ ይወጣሉ። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ምሁራን ይህን እንደ ታሪክ ምስክር ወስደው ዲዮኒሶስ ዘግይቶ ከትራቄ የገባ የባዕድ አምላክ ነው ብለው ብዙ ጻፉ። በ1990 በቀርጤስ ከተማ በሐንያ አንዲት ሰሌዳ ተገኘች፤ ዘመኗ አሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. ነው። በዜውስ መቅደስ ለዜውስ አንድ እንስራ፣ ለዲዮኒሶስ ሁለት እንስራ ማር መሰጠቱን መዝግባለች። አምላኩ ከመጀመሪያው የአገር ልጅ ነበር፤ እንግዳ ያደረጉት፣ ስካርንና የሴቶችን ከቤት መውጣት ከራሳቸው ማራቅ የፈለጉት ግሪኮች ራሳቸው ናቸው።